ሁሉንም ከጀርባ የሚያይ ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። የምቀዳው ሱቁን ዘግቼ ስለሆነ አልፎ አልፎ ባጃጅ ሲያልፍ ትሰማላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የባጃጅ ድምፅ የማይገባበት ክፍል ማግኘት ከአቅሜ በላይ ነው፣ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። የጻፈው ድራመር ነው፤ ኒል ፐርት ይባላል። ራሽ የሚባለው የካናዳ ሮክ ባንድ ድራመር ነበር። መጽሐፉ «ጎስት ራይደር» ይባላል፣ በ2002 ነው የወጣው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩብኝ። ያመጣልኝ እኔ ድራም እመታበት የነበረው የድሮ ባንዳችን ጊታሪስት ነው። አሁን ኑሮው ቶሮንቶ ነው፤ ለእህቱ ሠርግ መጥቶ «ይሄን ሳታነብ ድራመር ነበርኩ እንዳትል» ብሎ ባንኮኒዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። መቼም ጊታሪስት ማዘዝ ይወዳል።

እንግሊዝኛው ቀላል አይደለም። ሰውየው የለየለት የመጽሐፍ ቀበኛ ነው፤ አድናቂዎቹ «ፕሮፌሰሩ» ነበር የሚሉት። እኔም መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ፣ ደንበኛ ሲገባ እያጠፍኩ፣ ደንበኛ ሲወጣ እየገለጥኩ እንደምንም ከዳር አደረስኩት።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልንገራችሁ። በ1952 ኦንታሪዮ ውስጥ ሃሚልተን ነው የተወለደው። አባቱ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ልጁ በ18 ዓመቱ ስሜን አስጠራለሁ ብሎ ለንደን ሄደ። አልሆነለትም። ካርናቢ ስትሪት ላይ ለቱሪስት የማስታወሻ ዕቃ ሲሸጥ ቆይቶ አገሩ ተመለሰና አባቱ ሱቅ ገባ፤ የትራክተር መለዋወጫ ያወጣል፣ ያስገባል። እኔ እንደምታውቁት የባጃጅ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። እሱ ከመለዋወጫ ወደ ባንድ ሄደ፣ እኔ ከባንድ ወደ መለዋወጫ መጣሁ። መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም እንባባል ነበር።

በ1974 ሐምሌ ላይ ራሽ ተቀበለው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፒትስበርግ ላይ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ፊት ተቀምጦ ሲመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባንዱ ሰው አልቀየረም፦ ጌዲ ሊ ቤዝና ድምፅ፣ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፣ እሱ ድራም። ግጥሙን ደግሞ የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለቱ ግጥም ላይ ብዙም ስለማይገፉ፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ መጽሐፍ ላይ ስለተደፋ፣ ሥራው ወደሱ ዞረ። ይሄን አስቡት እስቲ። ፊት ቆሞ የሚዘፍነው ሰው አፍ ውስጥ ያለው ቃል፣ ኋላ ተቀምጦ ላብ የሚያፈሰው ሰው ቃል ነው። በኛ ባንድ እኔ ግጥም ልጻፍ ብል ኖሮ ድምፃዊያችን እስከዛሬ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ መጽሐፉ ወደሚጀምርበት ስንመጣ፣ ነሐሴ 1997 የ19 ዓመት ልጁ በመኪና አደጋ ሞተች። አንድ ልጁ እሷ ብቻ ነበረች። ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 1998፣ የልጅቷ እናት በካንሰር ተከተለች። በልጁ ቀብር ላይ ለሁለቱ ጓደኞቹ፣ ጡረታ እንደወጣሁ ቁጠሩኝ ብሏቸዋል። ከዚያ ቢኤምደብልዩ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። ካናዳን፣ አላስካን፣ አሜሪካን፣ ሜክሲኮን፣ እስከ ቤሊዝ። ሲደመር 88,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ሰባ ጊዜ ደርሶ መልስ ብትሉ አይሞላውም።

ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ስለ ሮክ የምታውቀው ነገር ቢኖር እኔን እራት ያስመለጠኝ ነገር መሆኑን ብቻ ነው። ሰምታኝ ሰምታኝ «ዘመድ የለውም እንዴ?» አለች። ቀጥላ «እድር የላቸውም?» አለች። ምን ልበላት? እኛ ጋ ሁለት ሰው በዓመት የቀበረ ሰው ማን ብቻውን ይለቀዋል? ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ፍራሽ አንጥፎ አብሮት ያድራል። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ አለ። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ የሚከተልህ አለ። ሞተር አስነስቶ ልሂድ ቢል ቁልፉን የሚደብቅ አጎት አይጠፋም። መጽሐፉን ሳነብ ግማሹ ልቤ ከእናቴ ጋር ነበር። ግማሹ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአባቴ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ፊት ላይ ምን ዓይነት ፊት ላሳይ እያልኩ የተጨነቅኩትን አስታወሰኝ። ያን ጊዜ ሞተር ቢኖረኝ እኔም እሄድ ነበር ማለት እችላለሁ። ግን ደብረ ታቦር ሳልደርስ የምመለስ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ግማሹ ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛውን የጻፈው እስር ቤት ላለ ጓደኛው ነው። ጓደኝየው ተዘግቶበት ተቀምጧል፣ ይሄኛው መንገዱ አያልቅበትም፤ የዛሬው መንገድ ይሄን ይመስል ነበር፣ የበላሁት ይሄን ነው፣ ያየሁት ወፍ ይሄ ነው እያለ ይጽፍለታል። እነዚያን ገጾች ከሁሉም በላይ ወደድኳቸው። የሚያለቅስባቸው ገጾች ትንሽ ይበዛሉ፣ እሱን ልደብቃችሁ አልችልም።

ጊታሪስታችን «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ሲደውል የነገርኩት ነገር አለ። የዛሬውን የቀዳሁትም ለሱው ነው። የድራመር ማስታወሻ ነው ተብዬ ገብቼ፣ ስለ ድራም የሚያወራው ነገር ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። ስለ መንገድ ነው፣ ስለ ዛፍ ነው፣ ስለ ሰው ነው። ግን የሚያይበት ዓይን የድራመር ዓይን ነው። ሆቴል ይገባል፣ ጥግ ይይዛል፣ ሌላውን ጠረጴዛ ያያል፣ ይጽፋል፣ ማንም ሳያውቀው ተነስቶ ይሄዳል። ድራመር እንዲህ ነው። ባንድ ውስጥ ሁሉንም ሰው ከጀርባ የሚያይ እሱ ብቻ ነው።

እሱ ብቻም አይደለም። የሮሊንግ ስቶንስ ድራመር ቻርሊ ዋትስ ከ1967 ጀምሮ ጉዞ ላይ ያደረበትን የሆቴል አልጋ ሁሉ ይስል ነበር። ሌሎቹ የሮክ ሕይወት ሲኖሩ እሱ አልጋ ይስላል! ፒንክ ፍሎይድን ብትወስዱ፣ በባንዱ አልበሞች ሁሉ ላይ ያለው ሰው ድራመሩ ኒክ ሜሰን ብቻ ነው፤ የባንዱን ታሪክ በ2004 በመጽሐፍ ያወጣውም እሱ ነው። ሌሎቹ ሲጣሉ እሱ ሁለቱንም ወገን ከኋላ ሲያይ ኖሯል። የስ የሚባለው ባንድ ድራመር የነበረው ቢል ብሩፎርድ ደግሞ በ2009 ድራም መምታት አቆምኩ ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ2016 በድራም አጨዋወት ላይ ዶክትሬቱን ያዘ። ጄነሲስ የሚባለው ባንድ ድራመር ፊል ኮሊንስ ግን ተነስቶ ፊት ሄደ፤ እሱንም ድምፃዊያቸው ባይለቅ ኖሮ እንጃ።

አሁን ወደ እኛ ልመልሳችሁ። ባንዳችን አምስት ሰው ነበር። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ እንጫወታለን። ፈረንጅ ሲበዛ ሬጌና ሮክ፣ ሠርገኛ ሲበዛ ቺክቺካ፣ ሌሊቱ ሲገፋ ትዝታ። የድራም መምቻ ስቲክ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አንድ አናጢ ከወይራ ይጠርብልኝ ነበር። ወይራ ስቲክ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ሲምባሉ፣ ያ የነሐስ ሳህኑ ነው። ሲምባል ሲሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ስንጥቁ የቆመበት ጫፍ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳላችሁ፣ ያኔ ስንጥቁ ወደፊት መሄድ ያቆማል። የኔ ሲምባል መጨረሻ አካባቢ ወንፊት መስሎ ነበር።

«እስቲ አንዴ ልሞክረው» እያለ መድረክ የሚወጣ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ አይጠፋም። እናስቀምጠዋለን። እጁ ሲሄድ እግሩ ይቆማል፣ እግሩ ሲሄድ እጁ ይቆማል። ያኔ ቤዚስታችን ማይኩን ይወስድና «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የባንዱ ምርጥ ቁጥር እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ወንበሩ ላይ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። ድምፃዊያችን ከፍ ያለውን ድምፅ ሊያወጣ ሲል ሁልጊዜ የግራ ተረከዙ ብድግ ይላል። ራሱ አያውቀውም። ጉንፋን የያዘው ቀን ወይም ሲጠጣ የዋለ ቀን ተረከዙ መሬት ላይ ይቀራል። እሱን ሳይ ኪኩን፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም ማለቴ ነው፣ ለዘብ አደርጋለሁ፣ ቤዚስቱን በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፣ ያቺን ከፍ ያለች ቦታ ሳንደግም እንታጠፋለን። ታዳሚው ምንም አያውቅም። ድምፃዊውም ስንቴ እንዳሳለፍኩት አያውቅም፤ አሁን ይሄን ከሰማ ይደውልልኝ። ኪቦርዲስቱ ከቤት ተጣልቶ የመጣ ቀን ደግሞ አንገቱ ይደርቃል፤ ያን ቀን ሪትሙን ሳላፈጥን ነው የምይዝለት። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ስንጫወት ማለቴ ነው። ፊት ይስቃል፣ ፊት ሰው ይሸነግላል። ጀርባ ግን ማን ያየኛል ብሎ ነው የሚውለው።

አንዳንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ጊታሩ ዝም፣ ቤዙ ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ድራም ግን መብራት አያውቅም። ጨለማው ውስጥ ቺክቺካውን ይዤ እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አንዷ እልል ትላለች። ድምፃዊው ያለ ማይክ ከጉሮሮው ያወጣዋል፣ ሰው ይቀበለዋል። ከኋላ ዘበኛው የጄኔሬተሩን ገመድ ሲስብ፣ አልነሳ ሲለው፣ እንደገና ሲስብ ይሰማኛል። ባይነሳ ብዬ እመኝ ነበር እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

በኋላ ሁሉም ሪትም የተጫነበት ኪቦርድ ይዞ አንድ ልጅ መጣ። አንድ ቁልፍ ሲጫን ቺክቺካ፣ ሌላ ሲጫን ሬጌ። አምስት ደመወዝ አንድ ደመወዝ ሆነ። ይሄ ባሕር ዳር ላይ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ስንት ሥራ ነው ድራመር ሳይነካው በኪቦርድ ሪትም የወጣው። በመብራቱ መጥፋት ብቻ ነው እስከዛሬ የምስቀው። ኪቦርዱ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳላ!

ያኔ የናፈቀኝ መድረኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ የናፈቀኝ ወንበሩ ነው። ባንኮኒ ጀርባ ስትቆም ሰው ሁሉ ፊቱን ይዞልህ ይመጣል፣ አንተም ፊትህን ታሳያለህ፣ ትከራከራለህ፣ ትስቃለህ። «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ይልሃል ዓይን ዓይንህን እያየ። ድራመር ለዚህ አልተሠራም። ኒል ፐርት ሞተሩ ላይ የወጣው ሐዘኑን ሽሽት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ወንበሩን ይዞት የሄደ ነው የሚመስለኝ። ሞተር ላይ ስትሆን ፊትህ ያለው ሁሉ ጀርባ ነው፤ የጭነት መኪናው ጀርባ፣ የመንገደኛው ጀርባ። ማንም ዞር ብሎ አያይህም፣ ሄልሜት አድርገሃል።

ከባንድ በኋላ ስላለ ኑሮ ሲነሳ እኛ አገር ሁልጊዜ የሚጠራው ኃይሉ መርጊያ ነው፣ ሲገባውም ነው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀው። ቆንጆ ታሪክ ነው። ግን ኪቦርድ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ድራም የት ይገባል? የኛ ድራመሮች ታክሲም ቢነዱ፣ መለዋወጫም ቢሸጡ፣ መሪው ላይና ባንኮኒው ላይ በጣታቸው ከመምታት ሌላ ምን አላቸው? ልጆቼ «አባዬ ተው» ይሉኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ከመጽሐፉ ውጪ ነው። ፐርት በ1994 አካባቢ፣ ዓለም በሙሉ አንደኛ ነህ እያለው፣ ፍሬዲ ግሩበር ወደሚባል ሽማግሌ የጃዝ መምህር ሄዶ ተማሪ ሆነ። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የስቲክ አያያዙን ቀየረ። መምህሩ ያለው ነገር ሲጠቃለል፣ ቆዳው ላይ ከሚያርፈው ምት ይልቅ በሁለት ምት መካከል እጅህ አየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ ተመልከት ነው። ይሄን አንብቤ ብዙም አልገባኝም ነበር። በኋላ ጊዮርጊስ ለማኅሌት አድሬ ደብተራዎቹን ሳይ ገባኝ። መጀመሪያ መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል፣ ጽናጽሉ ይከተላል፣ ከበሮው በቀስታ ይገባል። ከበሮ መቺው መዳፉ ቆዳውን ለቆ ሲነሳ ይዞራል፣ ወገቡም አብሮ ይዞራል፣ ምቱ የሚመጣው ከዚያ መዞር ነው። መረግድ የሚባለው ክፍል እየፈጠነ ሄዶ ጽፋት የሚባለው ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይነሳል፣ እጁ ግን ያው መንገዱን አይለቅም።

ያን ሌሊት ዓይኔ ያረፈበት ሌላ ነገር ደግሞ ቦታው ነው። ከበሮው በማንገቻ አንገት ላይ ነው ያለው፤ የያዘው ሰው ይራመዳል። ደብተራዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ከበሮ የያዙት መሃል ናቸው፤ ወዲያ ይሄዳሉ፣ ወዲህ ይመለሳሉ፣ ሁሉም ያያቸዋል፣ ሁሉንም ያያሉ። ሠርግም ላይ ብትሄዱ ከበሮውን የያዘችው ሴት ናት መሃል ቁጭ ያለችው፤ ግጥሙንም የምታወጣው እሷ፣ የሙሽራውን እናት የምትሸነቁጠው እሷ፣ ቤቱ በሙሉ በሷ ዙሪያ ነው። ከኋላ ጥግ ላይ ያስቀመጠን ይሄ የብረት እግር ያለው፣ ተገጣጥሞ አንድ ክፍል የሚሞላው ድራም ነው። እኔም የኋላውን ወንበር ወድጄ ነው የኖርኩት፣ አልካድም። ብቻ አያቶቼ ያላስቀመጡኝ ቦታ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ፐርት በ2001 ወደ ባንዱ ተመለሰ። በዚያው መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አልበም አወጡ። ከዚያም በኋላ ጉዞ ላይ ሲሆኑ፣ ሁለቱ በአውሮፕላን ወይም በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ እሱ ከከተማ ከተማ በሞተር ነበር የሚሄደው። አድናቂ ሰብስቦ ፎቶ መነሳት የሚባል ነገር አልወደደም። ሲጨርሱም ሁለቱ ፊት ቆመው እጅ ሲነሱ እሱ ከኋላ ተነስቶ ሹልክ ነው። ከድራሙ ፊት ያለችውን መስመር አላልፍም ብሎ በራሱ ላይ ሕግ አውጥቶ ነበር።

ነሐሴ 1 ቀን 2015 ሎስ አንጀለስ ላይ የመጨረሻውን ተጫወቱ። ትከሻውም እጁም አልቻለም ነበር። ቪዲዮው አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ሲጨርሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ ድራሙን ዞረ፣ መስመሯን አለፈና ፊት ድረስ መጥቶ ሁለቱን አቀፋቸው። አርባ አንድ ዓመት ጀርባቸውን ያየ ሰው! እኔን የነካኝ የነሱ ሁኔታ ነው፤ ምን ሆኖ ነው የመጣው ያሉ ነው የሚመስሉት። በ2020 ጥር ላይ በአንጎል ካንሰር ሞተ፣ 67 ዓመቱ ነበር። ሕመሙን ከሦስት ዓመት በላይ ከሕዝብ ደብቆ ነው የኖረው፤ ይሄም ያው ልማዱ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ክርክር አለ። በ2025 ሁለቱ ቀሪዎች እንደገና መድረክ እንወጣለን ብለው አስታወቁ፣ ድራሙን የምትይዘው አኒካ ኒልስ የምትባል ጀርመናዊት ናት። ጊታሪስታችን ከቶሮንቶ ደውሎ «እንዴት በሱ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጣል?» እያለ ይጮሃል። እኔ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ወንበር ባዶ ሲሆን ኪቦርድ ነው የሚመጣው፣ እኔ አይቼዋለሁ። ደግሞ ልጅቷ እጇ አይዋሽም፤ በአራትና በሦስት ምት መካከል ስትንሸራተት ቺክቺካ ብናስተምራት በአንድ ሌሊት የምትይዘው ነው የሚመስለኝ። ለትኬቱ ቶሮንቶ ያለው ሰው ይጨነቅበት፣ ቅርቡ እሱ ነው።

በሉ በዚህ ይብቃኝ፣ ዘበኛውም በሩን እያንኳኳ ነው። ለሚቀጥለው ቤዚስታችንን ጋብዣለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። ከመጣ ማለት ነው፤ ያ ሰው ሙዚቃ ላይ እንጂ ቀጠሮ ላይ ሰዓት ጠብቆ አያውቅም። ደህና ሰንብቱ።